አይጥ የበላችው የባጀር ወረቀት

በ2018፣ ኦክቶበር 6 ቀን፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሚሺጋን፣ ላፒር ከተማ ውስጥ በዱዌን ፕሩት ጋራዥ አራት ሰዎች ነበርን፦ ዱዌን፣ ሚስቱ ጆይስ፣ የጆይስ ወንድም ሃርላን ቫንደርሞለን እና እኔ። ዱዌን ግን አምስት ነበርን ይላል። መኪናዋንም ስለሚቆጥር ነው።

ዱዌን ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በእኔና በእሱ መካከል አርባ ዓመት አለ። አንቱ ሲባል ግን ያረጀ ስለሚመስለው አንተ ነው የምለው። አብረን የምንሠራው አሮጌ መኪናዎችን ከፋብሪካ እንደወጡበት ቀን አድርጎ መመለስ ነው። ዝም ብሎ ማሳመር አይደለም። ፋብሪካው በሩን አጣሞ ገጥሞት ከነበረ እኛም አጣመን እንገጥመዋለን።

መኪናዋ የ1969 ባጀር ናት። አረንጓዴ ናት፣ ኮፈኗ ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሏት፣ ስትነሣ የጎረቤቱ ውሻ አልጋ ሥር ይገባል። ጎኗ ላይ «ኤስ» የሚል ምልክት አለ። ኤስ ማለት ፋብሪካው ራሱ ትልቁን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ገጥሞ ያወጣት ማለት ነው። ኤስ ያልሆነችው ባጀር ባለ ስድስት ናት፤ አስተማሪዎችና መነኮሳት ቀስ ብለው ገበያ ይሄዱባት የነበረች መኪና። ችግሩ፣ ማንም ሰው ባለ ስድስቷን ገዝቶ፣ ትልቁን ሞተር ገጥሞ፣ ምልክቱን ለጥፎ «ኤስ ናት» ሊል ይችላል። የባጀር የሻንሲ ቁጥር ደግሞ ስለ ሞተሩ አንድም ነገር አይናገርም።

ዱዌን መኪናዋን የገዛት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ሃርላን በዚያው ቀን አንድ ጊዜ ዞራትና ጎማዋን በጫማው ነካ አድርጎ «ይቺ አስተማሪ ናት» አለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በምስጋና ቀን፣ ሁሉም ገበታ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሥጋው እየዞረ «አስተማሪዋ ደህና ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ዱዌንም በየዓመቱ ሹካውን ያስቀምጣል።

መልሱ ያለው ወረቀት ላይ ነው። ፋብሪካው ውስጥ እያንዳንዱ መኪና ምን ሞተር፣ ምን ቀለም፣ ምን ወንበር እንደሚገጠምለት የሚናገር አንድ ወረቀት አብሮት ይጓዝ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሠራተኞቹ ቅርጫቱ ድረስ መሄድ ስለሚታክታቸው ወረቀቱን የኋላ ወንበር ሞላ ውስጥ ይወትፉታል። ያ ቆሻሻ ዛሬ ለእኛ ከልደት ምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ዱዌን የሌላ ሰው ወንበር ሲከፍት አያመነታም። የራሱን ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልከፈተም። አሁን የከፈተው ኦፓል ትሬድዌይ ስላስገደደችው ነው። ኦፓል ካላማዙ ከተማ የምትኖር የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናት። እስከ ዛሬ የተረፉትን ባጀሮች በሙሉ፣ ማን እንደገዛቸው፣ ለማን እንደተሸጡ፣ የትኛው ዛፍ ጋር እንደተጋጩ፣ በካርድ ላይ ጽፋ በጫማ ሳጥን ታስቀምጣለች። በየአሥር ዓመቱ ደግሞ መጽሐፍ ታሳትማለች። አዲሱ መጽሐፍ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል።

«ወረቀት ከሌለህ ኤስ ብዬ አልጽፍህም» አለችው በስልክ። «'ይባላል' የሚለው ዝርዝር ውስጥ ነው የማስገባህ።»

ዱዌን መጽሐፍ ውስጥ «ይባላል» ሆኖ መቅረት አልፈለገም። የሚቀጥለው መጽሐፍ ሲወጣ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። «ያኔ እኔ ራሴ 'ነበር ይባላል' ልሆን እችላለሁ» አለኝ።

«ክፈተዋ» አለ ሃርላን፣ በግራ እጁ ዶናት ይዞ።

«አታጣድፈኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ ነው ማጣደፍ?»

«ዶናቱን ከመኪናዋ አርቀው። ስኳሩ እየረገፈ ነው።»

«ለአስተማሪ ዶናት ማምጣት ነውር ሆነ እንዴ?»

«ሃርላን!» አለች ጆይስ።

ዱዌን ወደ እኔ ዞሮ አገጩን ነቀነቀ። የኋላውን ወንበር ይዤ ወደ ላይ ሳብኩትና ገለበጥኩት። ሞላዎቹ መሃል ወረቀት አልነበረም። የወይን ፍሬ የሚያክሉ ሁለት ጠጠሮች፣ አንድ የፀጉር ማስያዣ፣ እና ትልቅ ብርቱካን የሚያህል የአይጥ ጎጆ ነበር።

«ወረቀቱስ?» አለ ዱዌን።

እኔ መናገር አልወድም። ስለዚህ ጎጆውን በሁለት እጄ አንሥቼ አሳየሁት። ቢጫ ብጣሽ ወረቀቶች፣ ከጥጥና ከክር ጋር በደንብ ተፈትለው። አንዱ ብጣሽ ላይ ግማሽ «ፍሬን» ይነበባል።

ሃርላን መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ዶናቱን አስጣለው።

«እንገጣጥመዋለን» አለ ዱዌን።

«ምኑን?»

«ጎጆውን። እያንዳንዷን ብጣሽ።»

«ያ ነገር እኔ ቤት አይገባም» አለች ጆይስ። «እየነገርኩህ ነው ዱዌን፤ እኔ በሕይወት እያለሁ የአይጥ ጎጆ የቤቴን ደፍ አያልፍም።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጎጆው የጆይስ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ጋራዡ ውስጥ ከመኪና የተፈታ ዕቃ ሁሉ ላይ የሚንጠለጠለውን ካርድ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ፊደል አልስትም፣ እጄም አይቸኩልም። ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽርና ከጋራዡ ያመጣናት አንድ መብራት ተሰጠኝ። ብጣሾቹን ስቆጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆኑ። ከእነሱ ውስጥ ስልሳ አንዱ የከረሜላ ልጣጭ ነበር፤ ክሩ ደግሞ ጆይስ ሦስት ዓመት ስትፈልገው የኖረችው የሹራብ ክር ሆኖ ተገኘ። በዚህ የተነሣ እስከ ማግስቱ አላናገረችንም።

ሃርላን በዚያው ምሽት ትራሱን ይዞ መጣ።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለው ዱዌን።

«ልመሰክር። ዓይኔን ካነሣሁ ስድስቷን ስምንት አድርጋችሁ ነው የምትለጥፉት።»

«እኔ? እኔ ነኝ አጭበርባሪ?»

«አንተ አይደለህም። ይሄ ልጅ ግን ዝም ይላል፤ ዝምተኛ ሰው አይታመንም።»

እኔ አጉሊ መነጽሩን ጠረግሁ። ይህም አልጠቀመኝም።

ሕግ ወጣ። ማራገቢያ መክፈት የለም። በር በኃይል መዝጋት የለም። ጠረጴዛው አጠገብ መሳቅ የለም። ምግብ የሚበላው ወጥ ቤት ውስጥ፣ የዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሞ ነው። ጆይስ በየእራቱ ከተፈጨ ሥጋ የምትጋግረውን የሥጋ ዳቦዋን በሰሃን ይዛ ግድግዳውን እየተደገፈች ትበላና «ይሄን ሰው ሳገባው ጠረጴዛ ነበረኝ» ትላለች።

በሦስተኛው ቀን ሃርላን አስነጠሰው። ዘጠና የሚሆኑ ብጣሾች ተነሥተው በረሩ፤ አርባዎቹ ማቀዝቀዣው ሥር ገቡ።

«ሆን ብሎ ነው!» አለ ዱዌን፣ መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ እየለቀመ።

«ሆን ተብሎ እንደዚህ ይነጠሳል? ጥርሴ ሊወልቅ ነበር እኮ!»

«ከዛሬ ጀምሮ አፍህን ሸፍን።»

ሃርላን የቀለም መርጫ ጭንብል አድርጎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ስድቡ ሁሉ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር።

በአምስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ሃርላን ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ከዚያ መነጽሩን አወጣ። ከዚያ የጆይስን የቅንድብ ወረንጦ ሳያስፈቅድ ወስዶ «የቀኙን ማዕዘን ለእኔ ተውልኝ» አለኝ። ማታ ስንለያይ አልተኛም ነበር። ጠዋት ስመጣ ከጭንብሉ በላይ ዓይኖቹ ቀልተው «ስለ መሪው የተጻፈበትን ሳጥን ጨርሻለሁ» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። ዱዌን ደግሞ በቅናት ግራውን ማዕዘን ያዘ። ሁለቱ አንዲት የምስር ክክ የምታህል ብጣሽ የማን ማዕዘን ናት በሚል እስከ ምሳ ድረስ ተጨቃጨቁ። ብጣሿ የከረሜላ ልጣጭ ነበረች።

በስምንተኛው ቀን የሞተሩ ዓይነት ከተጻፈበት ሳጥን በቀር የወረቀቱ መሃል ሞላ። ሳጥኑ ባዶ ነጭ ቀዳዳ ሆኖ ያፈጥብናል። የቀሩት ብጣሾች ሃያ አይሞሉም። ያን ጊዜ ነው ሃርላን አንዷን በወረንጦ አንሥቶ፣ ካየ በኋላ፣ ቀስ ብሎ እጁን የዘጋው።

«ሃርላን» አለች ጆይስ ከወጥ ቤት በር ላይ። «እጅህ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም።»

«የስድስት ዓመት ልጅ ሆነህም እንዲህ ነበርክ። ክፈት።»

«አሳከከኝ እኮ ነው—»

«ክፈት አልኩህ!»

ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው እጁን ከፈተ። እኔ ብጣሿን ወስጄ ቀዳዳው ውስጥ አስቀመጥኳት። ገጠመች። ሞተር፦ ስምንት ሲሊንደር፣ ትልቁ፣ ኤስ።

ዱዌን አልጮኸም። በዝግታ ተነሥቶ ጋራዥ ሄደና መኪናዋን አስነሣ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ የጎረቤቱ ውሻ ጮኸ፣ ጆይስ ጠረጴዛው ላይ በደረቷ ተደፋች፤ ብጣሾቹ እንዳይበሩ። ከዚያ ዱዌን ተመልሶ መጥረጊያውን አቅፎ ሳሎኑን በዳንስ ሁለት ጊዜ ዞረ።

«የታለች አስተማሪዋ? ሃርላን፣ አስተማሪዋ የት ሄደች? ጡረታ ወጣች እንዴ?»

ሃርላን ጭንብሉን አወለቀና በረንዳ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«የምስጋና ቀን ወንበር ላይ ቆመህ ነው የምትናገራት!» አለው ዱዌን በመስኮት። «ልጆቹም ይስሙ! የጆይስ አክስትም ትስማ! እሷ ስለማትሰማ ጮክ ብለህ!»

እኔ ግን አምስት ብጣሽ ቀርቶኝ ነበር፤ ሥራ ደግሞ ሳይጨርሱ መተው አልወድም። አምስቱን ከላይ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ላይ ደረደርኳቸው። ቁጥሩ በአሥራ ሰባት ያልቃል። ጋራዥ ሄጄ በመስታወቱ በኩል የመኪናዋን ቁጥር አየሁ። በአሥራ ስምንት ያልቃል። ተመልሼ ወረቀቱን አየሁ። እንደገና ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ቁጥሮቹ አልተግባቡም።

ዱዌን ያን ጊዜ ለሦስተኛ ሰው ስልክ እየደወለ ነበር። እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። በመጨረሻ ከኪሴ አንድ የዕቃ ካርድ አውጥቼ «ቁጥሩ የጎረቤቷ ነው፤ 17» ብዬ በጥንቃቄ ጻፍኩና በሲባጎ የቡና ኩባያው ጆሮ ላይ አሰርኩት።

ኩባያውን አነሣ። አነበበ። ስልኩን ሳይዘጋ አስቀመጠው፤ ከውስጡ አንድ ሰው «ሃሎ? ሃሎ?» ሲል ይሰማል።

ማስረዳት አላስፈለገም። የእኛ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፋብሪካው መገጣጠሚያ መስመር ላይ የሚከታተሉ ሁለት መኪናዎችን ወንበር የሚገጥመው አንድ ሰው ከሆነ፣ የአንዷን ወረቀት የሌላዋ ሞላ ውስጥ ይወትፈዋል። የአሥራ ሰባት ወረቀት አሥራ ስምንት ውስጥ ከተገኘ፣ የአሥራ ስምንት ወረቀት አሥራ ሰባት ውስጥ ነው ያለው። እሷ ደግሞ ለብረት ተሸጣ ከቀለጠች አርባ ዓመት ሊሆናት ይችላል።

ዱዌን ኦፓል ጋር ደወለ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት» አለች ኦፓል፣ ካርድ እያገላበጠች። «ሳጥን ዘጠኝ። አለች። ኦሃዮ፣ ዲፋያንስ አጠገብ። ባለቤት ወይዘሮ አዮን ራድሜከር። ሁኔታ፦ ዱባ።»

«ሁኔታ ምን?»

«ዱባ።»

«ዱባ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ ግን። ሂድና እይ።»

ረቡዕ ጠዋት በሃርላን ሚኒቫን ሄድን። ዱዌን ከፊት ተቀምጦ የተገጣጠመውን ወረቀት በሁለት መስታወት መሃል አድርጎ ታቅፎታል። መስታወቶቹ ከጆይስ የሠርግ ፎቶ ፍሬም የወጡ ናቸው፤ ጆይስ ያንን ገና አላወቀችም።

«ምናልባት የእኔዋም ኤስ ነች» አለ ዱዌን ቶሌዶን ካለፍን በኋላ። «ሁለት ኤስ ተከታትለው ሊወጡ ይችላሉ።»

«ይችላሉ» አለ ሃርላን።

ዱዌን ዞሮ አየው። «ምን ነካህ? አሞሃል?»

«መሪ ይዤ አልጨቃጨቅም።»

አሥራ ሰባት ከአንድ የሜፕል ዛፍ ሥር ቆማለች። ጎማ የላትም፣ ሞተር የላትም፣ አረንጓዴ ቀለሟ ነጥቷል። ጣሪያዋ ላይ ዱባ፣ ኮፈኗ ላይ ዱባ፣ ሞተሩ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ትንንሽ ዱባ ተደርድሯል። ወይዘሮ ራድሜከር የጎማ ቦት ጫማ አድርገው፣ ከኋላዋ የፖም ጭማቂ እየቀዱ ይሸጣሉ። ዱዌን ታሪኩን ከፋብሪካው ጀምሮ እስከ ማስነጠሱ ድረስ አጫወታቸው።

«እናንተ ሰዎች ሥራ የላችሁም?» አሉ።

«ሥራችን ይሄ ነው» አለ ዱዌን።

«እግዚአብሔር ይርዳችሁ። የኋላ ወንበሩ ላይ ድመት አለች። ብትቧጭራችሁ የለሁበትም።»

ቧጨረችኝ። ወንበሩን ገለበጥኩት። ድመት ባለበት አይጥ ስለማይደርስ ወረቀቱ ሙሉ ነበር፤ በአራት ታጥፎ፣ ትናንት የተወተፈ ይመስላል። ለዱዌን ዘረጋሁለት። እጁን ኪሱ ከተተ።

«አንተ አንብበው።»

በሰው ፊት ማንበብ ከትንሽነቴ ጀምሮ አልወድም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«የሻንሲ ቁጥር፣ መጨረሻው አሥራ ስምንት። ቀለም፣ የአሸዋ። የፊት ወንበር፣ አንድ ወጥ። ምንጣፍ፣ ላስቲክ። ሬዲዮ፣ የለም። ሞተር...»

«ጮክ በል።»

«ስድስት።»

አንድ ዱባ ከጣሪያዋ ተንከባሎ ሣሩ ላይ ወደቀ። ማንም አላነሣውም። ሁለታችንም ወደ ሃርላን አየን። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው ይሄን ነው።

«ይሄም ወረቀት የሌላ መኪና ሊሆን ይችላል» አለ ሃርላን።

«ሃርላን፣ ቁጥሩ አለበት እኮ።»

«ቁጥር ይሳሳታል። የጻፈው ሰው ዓርብ ማታ ጠጥቶ—»

«ልክ ነበርክ» አለ ዱዌን።

«ምን?»

«ልክ ነበርክ አልኩህ። አስተማሪ ናት።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አልተዘጋጀሁም» አለ ሃርላን። ኮፍያውን አወለቀ፣ ጃኬቱን አስተካከለ። «እሺ። አሁን በለው።»

ዱዌን እንደገና አለው። ሃርላን ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ ሜዳው ሄደና ለብዙ ጊዜ ዱባ ሲመርጥ ቆየ። ሃርላን ዱባ አይወድም።

«የእኔዋስ ምንድን ናት ታዲያ?» አሉ ወይዘሮ ራድሜከር።

ዱዌን ሁለቱን መስታወቶች ሰጣቸው። «የእርስዎ ኤስ ናት። እውነተኛዋ። ከእነዚህ ውስጥ የቀሩት አርባ አይሞሉም።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን አዩ፣ መኪናዋን አዩ። «ዱባዎቹን ላንሣ ማለት ነው?»

ዱዌን ትንሽ አሰበ። «እስከ ሃሎዊን፣ የዱባው ገበያ እስኪያልፍ ይቆዩ» አላቸው።

ስንመለስ ከኋላ ሰባት ዱባ ተጭኗል። የሚሺጋን ድንበር ላይ ደረስን። ከዚያ ሃርላን ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «ከሴትዮዋ በቀር ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው» አለ።

«ምኑን?»

«ወረቀቱን። መስኮት ክፈትና ልቀቀው። ኦፓል 'ይባላል' ብላ ትጽፍሃለች። 'ይባላል' ምን ይጎድለዋል? እኔም ምንም አልልም። በምስጋና ቀንም አልልም።»

ዱዌን ወረቀቱን ከኪሱ አወጣው። መስኮቱንም ትንሽ ዝቅ አደረገው። ነፋሱ ወረቀቱን ያርገበግበዋል። እኔ ከኋላ ሆኜ ዱባዎቹን ይዤ ነበር፤ እጄ ነጻ ቢሆን ኖሮ እንኳ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ከዚያ መስኮቱን ዘጋና ስልኩን አነሣ።

«ኦፓል፣ ጻፊ። አሥራ ስምንት። ባለ ስድስት። የአሸዋ ቀለም። ሬዲዮ የላትም።»

ካርድ ሲገላበጥ ተሰማ። «ወረቀት አለህ?»

«እጄ ላይ ነው።»

«አይጥ አልበላውም?»

«አልበላውም።»

«እንግዲያው ተጻፈች» አለች ኦፓል።

በበረዶው ወራት ትልቁን ሞተር አወጣንና ከአንድ የፈረሰ ባጀር ላይ የተገኘውን ባለ ስድስት ገጠምን። አረንጓዴው ቀለም ተፍቆ የአሸዋው ተቀባ፤ የፊት ወንበሩም በአንድ ወጥ ተለወጠ። በጁላይ በተደረገው የባጀር ባለቤቶች ስብሰባ በባለ ስድስት ምድብ ሁለተኛ ወጣች። በምድቡ የቀረቡት ሁለት መኪናዎች ነበሩ።